ካሜራው የማንን ግቢ ያያል?

አዋሽ፦ እህቴ፣ እዚህ አዋሽ ሰባት ኪሎ በሩ ላይ ካሜራ ሊያስገጥም ያሰበ ሰው ምን ይጠይቅ?

ሰመራ፦ ከዋጋው በፊት ቪዲዮው የት እንደሚቀመጥ! ሚሞሪ ካርድ ላይ ብቻ የሚቀዳው ይሻላል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ይቀዳል።

አዋሽ፦ ካሜራውን የሠራው ኩባንያ ዘንድ የሚቀመጠውስ?

ሰመራ፦ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 እ.ኤ.አ. የአማዞኑን የካሜራ ኩባንያ ሪንግን የከሰሰው፣ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ አይተዋል ብሎ ነው። ጉዳዩ በ5.8 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ።

አዋሽ፦ በእኛ ሙቀት ደግሞ ሰው ግቢው ውስጥ ይተኛል። የጎረቤት ካሜራ እዚያ ካነጣጠረ...

ሰመራ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው! የግል ሕይወትን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ካሜራውን ወደ ራሳችሁ በር አዙሩት። የገጠመላችሁ ባለሙያ እንደሄደም የካሜራውን የይለፍ ቃል ቀይሩ።