ቀኑ ካለፈ ማን ይጠየቅ?

እሱ፦ እዚሁ ሃይፋ የእህቴ ልጅ የስኮላርሺፕ ማመልከቻውን በአንድ ቀን አሳልፎ ላከ። አልተቀበሉትም።

እሷ፦ ቀኑን ያውቅ ነበር?

እሱ፦ ከወር በፊት። ግን ለእናቱ ዕብራይስጥ የሚያስተረጉመው እሱ ነው፤ የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ቀጠሮ፣ የባንክ ደብዳቤ… ዶሴው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አድሯል፤ የጎደለው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር።

እሷ፦ አንጀት ይበላል። ቢሆንም ጥፋቱ የእሱ ነው እላለሁ። በአውሮፓውያን 2007 የወጣው የእስራኤል የተማሪዎች መብት ሕግ ለወለደች ተማሪና ለሚሉኢም (ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) ለተጠራ ማስተካከያ እንዲደረግ ያዛል። የቤት አስተርጓሚን ግን ማንም አያውቀውም፣ ራሱ ካልተናገረ።

እሱ፦ እኛስ ዘመዶቹ? አንድ ቀን እንኳ ሸክሙን አልተቀበልነውም።

እሷ፦ እሱንም አልክድም። ስለዚህ ልጆች፣ ቀኑ ሳያልፍ ለተማሪዎች ዲን ቢሮ በጽሑፍ አሳውቁ። ወላጆች፣ የማመልከቻ ሰሞን ልጆቻችሁን ከማስተርጎም አሳርፏቸው።