ስለ ኳንተም ዶት፦ ቀለሙና ኩላሊቱ



ሐኪም ስለ ፊዚክስ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። የማወራው ግን ነገ በታካሚዎቻችን ደም ሥር እንስጠው ስለሚባል ነገር ስለሆነ ታገሡኝ።

ኳንተም ዶት ስፋቷ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነች የሴሚኮንዳክተር ቅንጣት ናት። ካድሚየም ሴሌናይድን እንውሰድ። 2 ናኖሜትር ገደማ ስትሆን ሰማያዊ ታበራለች፤ 6 ናኖሜትር ገደማ ስትደርስ ቀይ። ንጥረ ነገሩ ያው ነው፤ የተለወጠው መጠኑ ብቻ። ብርሃን ያነሣሣው ኤሌክትሮን ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲታጎር ኃይሉ ይጨምራል፤ ሲመለስ የሚለቀው ብርሃንም ወደ ሰማያዊው ያደላል። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ወደ ታች ሲያወርድ የሚርገበገበው ጭራ ያጥርና ድምፁ ይቀጥን የለ? እንደዚያ በሉት።

ይህንን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሌክሲ ኤኪሞቭ በመስታወት፣ ሉዊስ ብሩስ በፈሳሽ ውስጥ አሳዩ። ሙንጊ ባዌንዲ በ1993 መጠናቸው የተስተካከለ ቅንጣቶች የሚሠሩበትን ዘዴ አገኘ። ሦስቱም በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ለላቦራቶሪ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። በአንድ አልትራቫዮሌት መብራት ብዙ ቀለማት በአንዴ ይበራሉ፤ እንደ ተራው ማቅለሚያም ቶሎ አይደበዝዙም። ከ1998 ጀምሮ ሴሎችን ለመለየት ሲሞከሩ ቆይተዋል።

ችግሩ የሚመጣው ወደ ሰውነት ስናስገባቸው ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃንን ደም ይውጠዋል፤ በሥጋ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚያልፈው ቀዩና ለቀይ የቀረበው ኢንፍራሬድ ነው። ካድሚየም ሴሌናይድ ወደ ቀይ እንዲሄድ ደግሞ ተለቅ ማለት አለበት፤ በዚያ ላይ መከላከያ ሽፋን ይደረብበታል። በ2007 በአይጦች ላይ የወጣ ጥናት ግን ኩላሊት ቶሎ አጣርቶ የሚያስወጣው ከነሽፋናቸው ከ5.5 ናኖሜትር በታች የሆኑትን መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ የበለጡት በብዛት ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይቀራሉ። ቅንጣቱ ፈርሶ ካድሚየሙ ከወጣ ደግሞ ኩላሊት ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቀመጥ ይችላል።

እንግዲህ መጠኑ ለሁለት ጌታ ይገዛል ማለት ነው፤ ፊዚክሱ «ተለቅ በል» ይለዋል፣ ኩላሊቱ «አነስ በል» ይለዋል። ኢንዲየም አርሴናይድ ትንሽ ሆኖም ኢንፍራሬድ ያመነጫል፤ ግን አርሴኒክ አለበት። ለጊዜው የተሻለው ቦታቸው ከሰውነት ውጪ፣ በስላይድና በመመርመሪያ ቱቦ ላይ ይመስለኛል።

መምህራኖቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሕክምናና የፊዚክስ ተማሪዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡልን። የሚያበራ ዕጢ ያለበት የአይጥ ፎቶ ሲቀርብ አንዱ «ምን ቀለም ነው?» ይበል፤ ሌላው ደግሞ «በየት በኩል ይወጣል? መቼ?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ማንም መርፌ አያንሣ።