እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ሲታቀፍ ነው
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት መቀመጥ፣ መቆም፣ መራመድ ወይም ዕቃ መጨበጥ ስለሚዘገይባቸው ትንንሽ ልጆች ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንጀራ ጋግሬ የማድር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ነገር ግን ሁለተኛው ልጄ ያስተማረኝ አለ፤ ከዚያም በኋላ የጤና ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁት አለ። የማካፍላችሁ እሱን ነው።

ልጄ ዓመት ሞላው፤ አልቆመም። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ ካስቀመጥኩት ቦታ አይነሳም። ቡና ስንጠጣ ጎረቤቶቼ "ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አንቺ ደግሞ አታካብጂ" ይሉኛል። አንዷ እናት ደግሞ ሁልጊዜ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልጄ" ትለኝ ነበር። ሁሉም በቅንነት ነው የሚናገሩት። እኔም መስማት የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ልጁን ይዤ ሐኪም ቤት ልዋል ብል የዚያ ቀን እንጀራ አይሸጥም። ስለዚህ መጠበቁ ቀለለኝ።

የምንኖረው ከግቢው በስተኋላ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይንም እንዳያርፍበት ብዬ ጠቅልዬ እይዘዋለሁ፤ ከቤት አላወጣውም። ስጋግር አዝለዋለሁ፤ ጀርባዬን ሲደክመኝ አልጋ ላይ አስቀምጠዋለሁ። መሬት ነክቶ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት አልነበረውም።

አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለሌላ ጉዳይ ቤታችን መጣች። ልጁን አየችና የእጁን አንጓ ዳሰሰች። "ይህ ወፈር ያለው ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ። ልብ ብዬው አላውቅም። "ሳንባ ምች ታሞ ያውቃል?" አለች። "ሁለት ጊዜ" አልኳት። በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተላክን። ሪኬትስ ነው ተባለ።

ሪኬትስ በአብዛኛው በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ነው። ቫይታሚን ዲን ሰውነታችን በዋናነት የሚያገኘው ቆዳችን ላይ ከሚያርፈው ፀሐይ ነው። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ወደር የሌለው ምግብ ቢሆንም በውስጡ ያለው ቫይታሚን ዲ ግን ጥቂት ነው። የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር፣ ተጠቅልሎ ቤት የሚውል ልጅ የፀሐይ ረሃብተኛ ይሆናል ማለት ነው። የመስኮት መስታወትም ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን የፀሐይ ጨረር አያሳልፍም። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ በአዲስ አበባ የተካሄደ ጥናት፣ ሪኬትስ ያለባቸው ሕፃናት በሳንባ ምች የመታመም ዕድላቸው ከሌሎቹ ወደ 13 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ ነገሩ የመራመድ ብቻ አይደለም፤ የሕይወት ነው።

ልጄ ሐኪም ያዘዘለትን ቫይታሚን ዲ ወሰደ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሞቀ፤ ምግቡም ተስተካከለ። ከወራት በኋላ ዳዴ አለ፤ ከዚያም ሄደ። እግሩ ግን ዛሬም በትንሹ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው። ሳየው ዝም ብዬ የጠበቅኳቸው ወራት ይታወሱኛል።

ያቺ እናት የምትለው ተረት ሐሰት አይደለም። እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ግን ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፋው ነው። ሳይታቀፍ የተተወ እንቁላል ይበላሻል እንጂ አይሄድም። እኛ የተረቱን ግማሽ ይዘን ግማሹን ረስተናል።

ታዲያ ዘገየ የሚባለው መቼ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ጋናንና ሕንድን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ያሉ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ አለ። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4 እስከ 9 ወር ገደማ ይመጣል። ብቻን መራመድ ደግሞ ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ። ልዩነቱ ሰፊ መሆኑን ልብ በሉ። የእከሊት ልጅ በ10 ወሩ ሄደ፣ የኔ በ15 ወሩ አልሄደም ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ጭራሽ ሳይድሁ የሚሄዱ ጤነኛ ልጆችም አሉ።

ነገር ግን ልጁ በ4 ወሩ አንገቱን ካልያዘ፣ በ9 ወሩ ብቻውን ካልተቀመጠ፣ በ18 ወሩ ካልተራመደ ይታይ። ሰውነቱ እንደ እንጨት ግትር ወይም እንደ ጨርቅ ልፍስፍስ ከሆነ ወር ሳትቆጥሩ ውሰዱት። ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም ከሆነም እንዲሁ፤ "ግራኝ ነው" ብላችሁ አትለፉት፤ ሌላው እጁ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ልጁ ይሠራ የነበረውን ነገር መሥራት ካቆመ አንድ ቀን አትደሩ።

መዘግየት ሁሉ ሪኬትስ አይደለም። የምግብ እጥረትና የደም ማነስም ልጅን ያዘገያሉ። ሴሬብራል ፖልሲ የሚባለውም አለ። ይህ ልጁ በማኅፀን ሳለ፣ በምጥ ጊዜ ወይም ከተወለደ በኋላ አእምሮው ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ ነው፤ ሲወለድ መታፈን፣ ያለጊዜ መወለድ፣ ያልታከመ ከባድ የሕፃን ቢጫ መሆን፣ ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። እርግማን አይደለም፤ የእናቲቱ ኃጢአትም አይደለም። ከመካከላችን የአንዷ ልጅ እንዲህ ነው። አልሄደም፤ ምናልባትም አይሄድም። በፊዚዮቴራፒ ግን ተደግፎ መቀመጥ ቻለ፤ በራሱ እጅ መጉረስ ጀመረ። እናቱ "ራሱን የጎረሰ ቀን ልጄ የተዳረ ያህል ደስ አለኝ" ብላኛለች። ቶሎ መሄድ ልጁን ሁሉ አያድንም፤ ግን ከልጁ ጋር ያለውን ሁሉ ያወጣዋል።

ደግሞ የሚሄዱ፣ የሚሮጡ፣ ግን ነገር የማይቀናቸው ልጆች አሉ። ብርጭቆ ይወድቅባቸዋል፤ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጫማ ማሰር፣ እርሳስ መያዝ ይከብዳቸዋል፤ በደልዳላ መሬት ይደናቀፋሉ። ለትምህርት ከደረሱ 100 ልጆች 5 ወይም 6 ያህሉ እንዲህ ዓይነት የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር እንዳለባቸው ባለሙያዎች ይናገራሉ። እኛ ግን "ዝርክርክ፣ ሰነፍ" እያልን እንቀጣቸዋለን። ስንቶቻችን ነን ስለ ተሰበረ ብርጭቆ ልጅ የመታን? እኔ አንዷ ነኝ። ዱላ እጅን አያስተካክልም፤ ልምምድና ትዕግሥት ግን ይረዳል።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ፣ እኛ እያየነው፣ ምንጣፍ ላይ በሆዱ እናስተኛው፤ አንገቱና ትከሻው ይጠነክራል። ከፍ ሲል ትንሽ ራቅ አድርገን የድስት ክዳን እናስቀምጥለት፤ ፈልጎ ይሄዳል። በርጩማ ይዞ ይቁም። ባለ ጎማውን ዎከር ግን አትግዙ፤ መራመድ አያስተምርም፤ ልጅንም ገልብጦ ይጎዳል። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ለትልልቆቹ ደግሞ ከሰኞ ማክሰኞ፣ ከሱዚና ከቅልብልቦሽ የተሻለ ልምምድ የለም፤ ገንዘብም አያስወጣም። ያልቻለውን ልጅ አትሳቁበት፤ ቀለል አድርጋችሁ አስጀምሩት።

ፀበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ዱዓ የምታስደርጉም አስደርጉ። ሐኪሙንም የሰጠን ፈጣሪ ነው፤ አንዱን ለሌላው አትተዉ። የምለምናችሁ ግን ያልቆመ ልጅን እግር ወጌሻ እንዳያሽና እንዳይስብ ነው። የለሰለሰ አጥንት ይሰበራል።

አሁን ወደ ማኅበራችን ልምጣ። ፊዚዮቴራፒ አንድ ቀን ተሂዶ የሚያልቅ አይደለም፤ ለወራት መመላለስ ይጠይቃል። ያዘለች እናት የታክሲ ሂሳብ ትከፍላለች፤ የቀን ገቢዋን ታጣለች፤ ሌሎች ልጆቿን የምታስቀምጥበት የላትም። ሕክምናውን የሚያስቆማት የእውቀት ማነስ ሳይሆን ይህ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እንድትወስኑ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ለሐዘንና ለሕመም ከምናወጣው የማኅበራዊ ፈንዳችን ላይ ክትትል ላለው ልጅ የመመላለሻ ወጪ እንዲሸፈን። ሁለተኛ፣ እናቲቱ በቀጠሮዋ ቀን በየተራ ቤቷ ገብተን ልጆቿን እንድንጠብቅላት። ለድንኳን ተከላና ለለቅሶ ተራ ይዘን የምንቆም ሴቶች፣ ለሚቆም ልጅ ተራ መያዝ አያቅተንም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል። የምትሰጡን ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ስትጠይቁ ትልቅ ሕንፃ አናሳያችሁም። ቀጠሮዋን ያላጓደለች እናትን እናሳያችኋለን።

እናንተም እህቶቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቡና ላይ አንዷ "ልጄ እኮ አልቆመም" ስትል "ቀስ በቀስ ነው" ብለን አናሰናብታት። "ነገ አብሬሽ ልሂድ?" እንበላት።