በሬ፣ መኖና ገንዲ፦ የእንስሳት ምርታማነት ጥያቄ በኢሉባቦር

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በበደሌ አድርጎ መቱ ለመድረስ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። መንገደኛው የጊቤንና የዴዴሳን ወንዞች ተሻግሮ ወደ ምዕራብ በገፋ ቁጥር አገሩ እየለመለመ ይሄዳል። ጎሬና መቱ በኢትዮጵያ እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት ስፍራዎች ውስጥ ናቸው። በየሸለቆው ጨፌ፣ በየኮረብታው የቡና ደን፣ በየመንገዱ ዳር የሰው ቁመት የሚያህል ሣር ይታያል። ይህን የተመለከተ የደጋ ሰው፣ የከብት ገነት እዚህ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ያው መንገደኛ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ዴዴሳ፣ ወደ ገባ ወይም ወደ ባሮ ቆላ ቢወርድ ሌላ ነገር ያያል። ሣሩ እየበዛ ከብቱ እየሳሳ ይሄዳል። የእርሻው ወቅት ደርሶ መሬቱን በዶማ የሚቆፍር፣ ወይም አንድ በሬ ይዞ የሚያቀናጀውን ጎረቤት የሚለምን ገበሬ ያገኛል። ሣር በተረፈበት አገር በሬ የሚጠፋው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ የአንድ አውራጃ ጥያቄ ቢመስልም፣ በሞቃት አገሮች ሁሉ ስለ እንስሳት መኖ፣ ዝርያና ምርታማነት የተደረገው ረጅም ምርምር የሚጠቀለልበት ቋጠሮ ነው።

የእንስሳት ምርታማነት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የወተት ሊትርና የሥጋ ኪሎ ነው። ለኢሉባቦር ገበሬ ግን የመጀመሪያው ምርት ጉልበት ነው። ሁለት የአገራችን በሬዎች አንድ ላይ 600 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ሳይደክሙ ለረጅም ሰዓት መሳብ የሚችሉት ከክብደታቸው አንድ ዐሥረኛ ያህሉን ነው። በሰከንድ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢራመዱ፣ የሚሰጡት ኃይል ከግማሽ የፈረስ ጉልበት ብዙም አይበልጥም። ለመሐንዲስ ይህ እጅግ አነስተኛ ሞተር ነው። ለበቆሎ ማሳውን ሦስትና አራት ጊዜ ማረስ ላለበት ቤተሰብ ግን የዓመቱ እንጀራ የተንጠለጠለው በዚህች ግማሽ የፈረስ ጉልበት ላይ ነው። በሬው በግንቦት ከሞተ፣ የሚታጨደው በኅዳር ይቀንሳል።

የበሬው ገዳይ ደግሞ የታወቀ ነው። ገበሬው ገንዲ ይለዋል። ቆላ ዝንብ ደም ለመምጠጥ ስትነክስ የምታስተላልፈው፣ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ከብቱ ደም ውስጥ ይራባል። እንስሳው አፉን ከሣር ሳያነሣ ይከሳል፤ ፀጉሩ ይቆማል፤ ደሙ ይቀጥናል፤ ላሟ ታስወርዳለች፤ በሬው ከቀንበር በታች ይንበረከካል። ሐኪሙ ከጆሮው ጥቂት ደም በቀጭን የመስታወት ቱቦ ቀድቶ በሴንትሪፉጅ ሲያሽከረክረው፣ የቀይ ደም ሕዋሶቹ ድርሻ ከሩብ በታች ወርዶ ይገኛል። 

ዝንቧ ጥላና እርጥበት ትወዳለች። ስለዚህ የዴዴሳና የባሮ ገባሮች ዳርና ዳር የተዘረጋው ደን የተመቸ ቤቷ ነው። ከ1600 ሜትር ከፍታ በታች ያለው ቆላ ድንበሯ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቢቆይም፣ ከዚያ በላይም ተይዛ ታውቃለች። መቱ ከተማ ራሷ ከዚህ ከፍታ እምብዛም በማይርቅ ስፍራ የተቆረቆረች ናት። በበደሌ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ የተቋቋመውና የገንዲ ጥናት ከዋና ሥራዎቹ አንዱ የሆነው፣ ከተማይቱ በዚህ ቆላ አፋፍ ላይ ስለምትገኝ ነው።

ይህን እውነት ያልመዘነ ዕቅድ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ሁለት የሰፈራ ዘመናት አሳይተዋል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቅ የተረፉ 600,000 ያህል ሰዎች ከሰሜንና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ሌሎች ስፍራዎች ሲወሰዱ፣ አብዛኞቹ በበሬ ማረስን እንጂ ሌላ እርሻ የማያውቁ የደጋ ገበሬዎች ነበሩ። በትልልቆቹ የሰፈራ ጣቢያዎች በሬን በትራክተር ለመተካት ተሞከረ። ትራክተሩ በገንዲ አይሞትም፤ ነዳጅና መለዋወጫ ሲጠፋ ግን እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ የሆነውም ይኸው ነው። ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ መሬት ያጠራቸው የሐረርጌ ገበሬዎች በዴዴሳ ተፋሰስ ጨዋቃ ሰፈሩ። መሬቱ ለም፣ ዝናቡ አስተማማኝ ሆኖ ሳለ፣ ከብቶቻቸውን የጠበቃቸው ያው ገንዲ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ሰው ወደ ለም መሬት ተወሰደ፤ የመሬቱ ቁልፍ የሆነው በሬ እንዴት በሕይወት እንደሚቆይ ግን አስቀድሞ በበቂ አልታሰበበትም።

በሽታውን ለመቋቋም የመጀመሪያው መሣሪያ መድኃኒት ነው። ሥራ ላይ ያሉት ዋና ዋና መድኃኒቶች ሁለት ሲሆኑ፣ ዲሚናዚን የታመመውን ለማዳን፣ አይሶሜታሚዲየም ደግሞ በይበልጥ ለመከላከል ያገለግላሉ። ሁለቱም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የወጡ ናቸው። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ለአፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፣ በኋላ በናይሮቢ ከነበረው የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ ጋር በመዋሐድ የዛሬው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት የሆነ ድርጅት ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ወደ መቱ የሚወስደው መንገድ በሚያቋርጠው በጊቤ ሸለቆ ባካሄደው ጥናት፣ ተሕዋሱ ሁለቱንም መድኃኒቶች መቋቋም መልመዱ ታወቀ። መጠኑ የጎደለ መርፌ፣ ከገበያ የተገዛ ጥራቱ ያልታወቀ ዱቄት፣ ያለ ምርመራ በተደጋጋሚ መውጋት፣ ይህ ሁሉ ተሕዋሱን ያስተምረዋል።

ሁለተኛው መሣሪያ ዝንቧን መቀነስ ነው። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ለሰው አንድ ዕድል ሰጥታለች። ሌሎች ዝንቦች እንቁላል በመቶ ሲጥሉ፣ ቆላ ዝንብ በዘጠኝ ወይም በዐሥር ቀን አንዴ አንድ እጭ ብቻ ትወልዳለች። ስለዚህ በየቀኑ የሚሞቱት ቁጥር በጥቂቱ እንኳ ከፍ ቢል፣ መንጋዋ ራሱን መተካት ያቅተዋል። በጊቤ መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ በመስቀል፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህም ዝንብ ገዳይ ፈሳሽ በከብቱ ጀርባ ላይ በየወሩ በማፍሰስ፣ የዝንቧም የበሽታውም መጠን በእጅጉ ቀንሷል። ቆየት ብሎ ገበሬዎቹ ለፈሳሹ ከኪሳቸው መክፈል መጀመራቸው ጥቅሙን ለመመስከር ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ማቋረጥን አይወድም። አንድ መንደር ቢያቆም፣ ዝንቧ ከጎረቤት ወንዝ ተመልሳ ትመጣለች።

ሦስተኛው መሣሪያ ዝርያ ነው። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በሆለታ፣ በባኮና በሌሎች ጣቢያዎች የቦረና፣ የሆሮና የባርካ ላሞችን ከፍሪዥያን፣ ከጀርሲና ከሲመንታል ጋር አዳቅሏል። የመጀመሪያው ትውልድ ጊደሮች ከእናቶቻቸው እጅግ የበለጠ ወተት ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት የታተመውና የብዙ ሞቃት አገሮችን ውጤት ያነጻጸረው የካኒንግሃምና የሲርስታድ ጥናት እንዳስረዳው፣ የውጭው ደም እስከ ግማሽ ሲደርስ ወተቱ ይጨምራል፤ ከግማሽ በላይ ሲያልፍ ግን ተጨማሪው ጥቅም ይመነምናል። ምክንያቱም የውጭው ላም ለወተት የተመረጠችው በብርድ አገር፣ በተትረፈረፈ መኖና በሐኪም ጥበቃ ውስጥ ነው። ሙቀቱና መዥገሩ ሲበረታ፣ መኖው ሲሳሳ፣ የተሸከመችው ችሎታ ሳይገለጥ ይቀራል። በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ ከተሞች ጓሮ ታስራ መኖ የሚቀርብላት ዲቃላ ላም ትርፍ ልታስገኝ ትችላለች። ያችው ላም ወደ ዴዴሳ ቆላ ብትወርድ ግን ዓመት መክረሟ ያጠራጥራል።

ለቆላው የሚሆን ደም ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት፤ የሚገኘውም ሩቅ አይደለም። ከኢሉባቦር በስተደቡብ በቤንች ሸኮ ጫካዎች የሚረባው የሸኮ ከብት ሰውነቱ ትንሽ፣ ሻኛው አነስተኛ፣ አንዳንዱም ቀንድ የሌለው ነው። ተመራማሪዎች በጊቤ ሸለቆ የሸኮን፣ የሆሮን፣ የጉራጌንና የአቢጋርን ከብቶች በአንድነት ለቆላ ዝንብ አጋልጠው ሲከታተሏቸው፣ ደሙን ጠብቆ በመቆየትም ሆነ መድኃኒት እምብዛም ባለመፈለግ ሸኮ ከሁሉ በልጦ ተገኝቷል። በገበያ ግን ትልቁ በሬ ስለሚወደድ፣ ሸኮ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር እየተቀላቀለ ንጹሕ ዘሩ ወደ መጥፋት አዘንብሏል። አገር የሌላትን ደም ከባሕር ማዶ በውድ እየገዛች፣ ያላትን በዝምታ ብታጣ የሚያሳዝን ሒሳብ ነው።

ነገር ግን ብርቱ ዝርያም ባዶ ሆዱን አይዋጋም። የኢሉባቦር ሣር ችግሩ መጠኑ ሳይሆን ጥራቱ ነው። በብዙ ዝናብ ቶሎ ያድጋል፤ ቶሎም ይጠነክራል። የሚያመሰኳ እንስሳ ሣሩን የሚፈጭለት በጨጓራው የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። የመኖው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ ገደማ በታች ሲወርድ፣ እነዚህ ሕዋሳት ራሳቸው ይራባሉ። ያን ጊዜ ከብቱ ሆዱ ሞልቶ ይጾማል። በበጋ የደረቀው የተራራ ሣርም ሆነ የበቆሎ አገዳ ከዚህ ልክ በታች ነው። በሆለታ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በዲቃላ ላሞች የማረስ ሙከራ ሲደረግም ተመሳሳይ ትምህርት ተገኝቷል። ተጨማሪ መኖ ያገኙት ላሞች አርሰውም ታልበውም ዘልቀዋል፤ ያላገኙት ግን ከስተዋል፣ መፀነስም ዘግይቶባቸዋል።

ለዚህ መፍትሔው በእጅ ያለ ነው። ሣሩን ሳያፈራ አጭዶ ድርቆሽ ማድረግ፣ በየአጥሩ ሰስባንያና ዝሆኔ ሣር መትከል፣ ከበደሌ ቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን የብቅል ተረፈ ምርትና የኑግ ፋጉሎ ለከተማ ላሞች ማድረስ ይቻላል። የቡና ገለፈት ግን በብዛት ቢኖርም፣ በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒን ስለሚጎዳ እንደ ልብ የሚሰጥ መኖ አይደለም። በምዕራብ ኢትዮጵያ ገበሬ ጮሞ ብሎ የሚጠራው ሣር ከብራኪያሪያ ወገን ነው። የዚህ ወገን የአፍሪካ ሣሮች በላቲን አሜሪካ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሄክታሮች ተዘርተው የዚያን አገር ከብት አድልበዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ከኢትዮጵያና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ ዘሮችም ለዚያ ምርምር አገልግለዋል። ሣሩ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲከበር፣ በተወለደበት አገር እንደ አረም ሊታይ አይገባም።

እዚህ ላይ ነገሩ በቀጥታ ወደ መሐንዲሱ ደጅ ይመጣል። የመቱ አካባቢ ጨፌዎች በበጋ፣ ኮረብታው ሲደርቅ፣ ለምለም ሣር የሚገኝባቸው የመጨረሻ ስፍራዎች ናቸው። በቆሎ ለመዝራት ጨፌው በቦይ ሲደርቅ፣ በመዝገብ ላይ አዲስ ማሳ ይጻፋል፤ የተሰረዘው የበጋ መኖ ግን አይጻፍም። ከቀሪው ጨፌ የሚጨናነቀው ከብትም አፈሩን ረግጦ ያጠብቀዋል። ቦይ የሚቀይስ ባለሙያ የውኃውን መውጫ ብቻ ሳይሆን፣ ከአዝመራ በኋላ ቦዩ ተደፍኖ ውኃው የሚመለስበትንም መንገድ መንደፍ አለበት። እንዲሁም በጊቤ እንደታየው ገንዲ ሲቀንስ የሚታረሰው መሬት ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ የዱር ቡና ደን ባለበት አውራጃ፣ ዝንቧን ማጥፋትና ደኑን መጠበቅ በአንድ ዕቅድ ካልተያዙ አንዱ ሌላውን ያፈርሳል።

መሣሪያ ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆንም መዘንጋት የለበትም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አንድ በሬ ብቻ የሚስበው ማረሻ ተሠርቶ ተሞክሯል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም በገበሬው ዘንድ አልተስፋፋም፤ አንድ በሬ ያለው ሰው ከባልንጀራው ጋር ማቀናጀቱን መርጧልና። ገበሬው የራሱ ስሌት አለው፤ ከዕቅዱ በፊት እርሱን መጠየቅ ዕቅዱን ያሳጥራል።

እንግዲህ የተነሣው ጥያቄ መልስ ይህ ነው። በኢሉባቦር በሬ የሚጠፋው ሣር ስላነሰ አይደለም፤ ጤናው፣ ዝርያውና መኖው ለየብቻ ስለሚታሰቡ ነው። ሐኪሙ መርፌውን፣ አዳቃዩ ኮርማውን፣ የመኖ ባለሙያው ዘሩን፣ መሐንዲሱ ቦዩን ይዞ በየራሱ መኪና ወደ አንድ መንደር ይሄዳል። በሬው ግን አንድ ነው፤ የሚኖረውም የሚሞተውም በአንድ ገላው ነው። ለቆላው ምርታማነት የሚለካበት የመጀመሪያው መስፈርትም ይህ ሊሆን ይገባል፦ በዘንድሮው ክረምት ቀንበር የተሸከመው በሬ ለሚመጣው ክረምት ይደርሳል ወይ? ይህ ከተረጋገጠ ወተቱም ሥጋውም በተራው ይከተላል።