የውሮ የትውልድ ደብተር
(ለማንበቢያ ክፍላችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ድመት ነው። «ምነው፣ ሌላ ቁም ነገር ጠፋ እንዴ?» እንዳትሉን። ድመቷ ውሮ ናት፤ የማንበቢያ ክፍላችንን መጻሕፍት ከአይጥ የምትጠብቅልን። ፊደል ቆጥረን ከጨረስን በኋላ ጽሕፈት ለመለማመድ ብለን የእሷን የትውልድ ታሪክ በአንድ ደብተር አዘጋጀን። ሥራው ጨዋታ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ለየቤታችን የሚሆን ትምህርት አገኘንበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአሮጌ ጋዜጣና መጽሔት የድመት ሥዕል እንቆርጣለን፤ በዱቄት ሙጫ እንለጥፋለን፤ ከሥሩ ሁለት ሦስት መስመር እንጽፋለን። አንድ ደንብም አወጣን። በእርግጥ የምናውቀውን በእስክሪብቶ፣ የገመትነውን ወይም የፈጠርነውን በእርሳስ እንጽፋለን።

የመጀመሪያው ገጽ የእናቷ ነው። እናቷ የወፍጮ ቤቷ ጥቁርና ነጭ ድመት ናት። ስትወልዳት ያዩ ሰዎች ስላሉ በእስክሪብቶ ጻፍነው።

ሁለተኛው ገጽ የአባቷ ነው። አባቷን ግን ማን አየው? ድመት በአንድ ጊዜ የወለደቻቸው ግልገሎች እንኳ አባታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእርሳስ እንዲህ ብለን ፈጠርንለት፦ «ስሙ ባሻ ቀዮ ይባላል። የእህል ተራ ዘበኛ ነው። ሌሊት ሌሊት የአይጥ ዱካ ተከትሎ ወፍጮ ቤት ደረሰ።» ሁላችንም ሳቅን። ታዲያ በዚህ ገጽ ላይም በእስክሪብቶ የሚጻፍ ነገር ተገኘ። ውሮ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለባት ድመት ናት። እንዲህ ያለች ድመት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሴት ናት፤ የቀዩን ቀለም ዘር ከአንዱ ወላጅ፣ የጥቁሩን ከሌላው ትወርሳለች። እናቷ ቀይ ከሌለባት ቀዩ ከአባቷ መጣ ማለት ነው። እንግዲህ ስሙና ሥራው የእኛ ፈጠራ ነው፤ ቀይ መሆኑን ግን የልጁ ጠጉር መሰከረ።

ሦስተኛው ገጽ የጥንት አያቶቿ ነው። በእርሳስ፣ «ቅድመ አያቷ በጀልባ ባሕር ተሻገረች» ብለን ጻፍን። በእስክሪብቶ የጻፍነው ደግሞ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የ979 ድመቶችን ዘር መርምሮ፣ የቤት ድመቶች ሁሉ የመጡት ከአፍሪካ የዱር ድመት ወገን መሆኑን አሳየ። ይህ የዱር ድመት በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ይኖራል፤ በአገራችንም አለ። ሰው እህል ዘርቶ ጎተራ መሥራት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥ ስትመጣ ድመት ተከተለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር መገኘቱ ተነገረ። ከሰውየው አጠገብ የስምንት ወር ያህል ዕድሜ ያላት ድመት ተቀብራለች። ደሴቲቱ የራሷ ድመት ስላልነበራት፣ ሰው በጀልባ ያመጣቸው መሆን አለበት። የጀልባው ነገር እንግዲህ ከእውነት ብዙም አልራቀም። ውሮም ብትጠግብ አይጥ ማደኗን አትተው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ?

አራተኛው ገጽ ከሁሉም ይበልጥ አስተማረን። «አቢሲኒያን» የሚባል የታወቀ የድመት ዘር አለ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ አንዲት ድመት ከአገራችን ወደ እንግሊዝ ተወሰደች ይባላል። ስሟ ዙላ ነው፤ ዙላ የእንግሊዝ ጦር ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በታተመ የድመቶች መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሏ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች የዚያ ዘር እናት እሷ ናት አሉ። ነገር ግን የዛሬዎቹ ድመቶች ከዙላ ለመወለዳቸው ማስረጃ የለም። የዘር ምርመራ ዘሩ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ድመቶች ጋር እንደሚቀራረብ ያሳያል። አንዱ በእርሳስ የጻፈውን ሌሎች በእስክሪብቶ ሲገለብጡት ግምት ታሪክ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የውሮ እናት ታወቀች፤ አባቷ ጠፋ። በእኛ ቤት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ስማችን ከአባት ስም ጋር ስለሚጠራ አባቶችን እንቆጥራለን፤ አንዳንዱም እስከ ሰባት ቤት ይደርሳል። የእናት እናት፣ የእሷም እናት ማን ነበሩ ብንባል ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን? ስማቸው የሚኖረው በአሮጊቶቻችን አፍ ብቻ ነው። እነሱ ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል። የድመት እናት ብትጠየቅ አትናገርም፤ ስለዚህ ብንፈጥርላት ማንንም አንጎዳም። አያቶቻችን ግን ይናገራሉ እኮ! ጠያቂ ነው የጠፋው።

«ዓመተ ምሕረቱን አያስታውሱም» አትበሉ። «በ77ቱ ድርቅ ገና ዳዴ ትል ነበር» ካሉ፣ ልጅቱ በ1976 ዓ.ም. ገደማ መወለዷን ቆጥሮ ማግኘት ይቻላል። ይህን በእርሳስ ጻፉ። ሌላ ሽማግሌ ጠይቁ። ቃላቸው ከተስማማ በእስክሪብቶ አጽኑት። ካልተስማማ ሁለቱንም ከነተናጋሪው ስም አስቀምጡ። ፎቶግራፍ ከሌለ የቤቱን ወይም የመንደሩን ሥዕል ሣሉ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ገጽ ይዘን እንምጣ። የመጀመሪያው መስመር የእናታችን እናት ስም ይሁን። ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ጠይቁ፤ ደብተሩንና እርሳሱን አጠገባችሁ አድርጉ።