ገና መደብ ነው እንጂ ካርቶን አይደለም
(በአል ኻሊዲያ በታኅሣሥ ወር ስብሰባችን ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)

ከአል ዐይን በአውቶቡስ የመጣችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ደከማችሁ። እኔ ንግግር አዋቂ አይደለሁም፤ የተማርኩትም እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። «ስለ ገና አንድ ነገር በይን» ስላላችሁኝ ነው የቆምኩት። ጾም ላይ ያለውም፣ ሙስሊሙም እዚህ ስላለ ነገሬ ለሁላችንም ነው።

ከኅዳር ጀምሮ ኻሊዲያ ሞል የገባ ሰው ግርግሩን አይቶታል። መጀመሪያ የኅዳሩ ትልቅ ቅናሽ መጣ። ቀጥሎ ዲሴምበር 2 የአገሩ ብሔራዊ በዓል፣ ከዚያ ዲሴምበር 25 የፈረንጆቹ ገና፣ ከዚያ አዲስ ዓመታቸው። ቅናሽ በቅናሽ ላይ! በየሱቁ በር «ዛሬ ብቻ» ይላል። በነጋታው ከማዳም ጋር ጋሪ እየገፋችሁ ስትመለሱ አሁንም «ዛሬ ብቻ» ነው።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ የማዳም ጋሪ አይደለም፤ የእኛ ካርቶን ነው። ገና ሲቃረብ ስልኩ ይጀምራል። «የእገሌ ልጅ ለእናቷ ትልቅ ቴሌቪዥን ላከች አሉ፣ አንቺስ?» ይባላል። ከዚያ በእረፍት ቀናችን ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶ፣ የብርጭቆ ስብስብ እንገዛለን። ካርቶኑ ይሞላል፣ በላዩ ላይ ቆመን እናሽገዋለን፣ ለካርጎ በኪሎ እንከፍላለን። የጎደለውን ከጓደኛ እንበደራለን። ጥር ሲገባ የስልክ ካርድ መሙያ እንኳ የለንም። ቤተሰብ ስለ ብድሩ አያውቅም፣ እኛም አንነግራቸውም። ፎቶ ላይ የሚያዩት ከኋላችን ያለውን ኮርኒሽና ፎቁን ነው።

አትላኩ እያልኩ አይደለም። የመጣነው ለእነሱ ነው። እኔ የምለው፣ የጎረቤት አፍ ለመዝጋት የሚላክና ለእናት የሚላክ አንድ አይደለም ነው። እናት ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው «ደህና ነሽ ወይ፣ በልተሻል ወይ» ብላ ነው።

ሒሳቡንም እንየው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ድርሃም የሚመነዝረው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደስ ብሎን ነበር፤ ግን የዘይቱም የበጉም ዋጋ አብሮ ወጣ። በዚያ ላይ የበዓል ሳምንት ገበያ ሁልጊዜም እሳት ነው። ሁላችንም በመጨረሻዎቹ ቀናት ስንልክ፣ ገንዘባችን የሚደርሰው በግ፣ ዶሮና ቅቤ በጣም በተወደደበት ቀን ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የተላከ ገንዘብ ግን እንደዚያ አይጎዳም። ዱቄቱም፣ ቅቤውም፣ ሽንኩርቱም ቀደም ብሎ ይገዛበታል።

እስቲ ገና በአገራችን ምን እንደሆነ እናስታውስ። እኔ የወልዲያ አካባቢ ልጅ ነኝ። ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ነው፤ የንጉሥ ላሊበላም የልደት ቀን ነው ይባላል። ስለዚህ ወደ ላሊበላ የሚሄደው ተጓዥ በእኛ በኩል ያልፍ ነበር፤ አንዳንዱ ቀናት በእግሩ ተጉዞ። እናቶቻችን ጾም ነውና ንፍሮና ቆሎ፣ ዳቦና ውሃ ይዘው መንገድ ዳር ይቆማሉ። ስሙን የሚጠይቀው የለም። ላሊበላ ሲደርስ ደግሞ የከተማው ሰው እንግዳ ይቀበላል፣ እግሩን ያጥብለታል። እግር ለማጠብ ውሃና ትሕትና እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቅርጫውንም ታውቁታላችሁ። በሬ ብቻውን የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ሰፈርተኛ ያዋጣል፣ በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው በእኩል በእኩል መደብ ይመደባል። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከጎድኑም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል፤ ሀብታሙ ከድሃው የተሻለ መርጦ አያነሣም። ገንዘብ ያጠረውን እስከ ቀጠሮ ይታገሡታል። በዓሉን ግን ያለ ሥጋ አይውልም። ሙስሊም እህቶቼም ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ በዓረፋ የታረደው ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ለጎረቤት፣ ለድሃ ይከፈላል። እንግዲህ በዓል ማለት መደብ ነው እንጂ ካርቶን አይደለም።

ታዲያ እዚህ አቡ ዳቢ መደባችን ምንድን ነው? በሬ የለን፣ ግቢ የለን። ባለፈው ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። በዚሁ ሰፈር የምትሠራ አንዲት እህታችን፣ ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው እናቷ አረፉ። መርዶውን በስልክ የሰማችው ወጥ ቤት ቆማ ነው። ቤቱ እንግዳ ስለነበረበት መውጣት አልቻለችም። አገር ቤት ቢሆን ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል። እዚህ ማን ይድረስላት? በአካባቢው ሕንፃ የሚሠሩ ሁለት እህቶች ቆሻሻ ለመጣል የምትወርድበትን ሰዓት ጠየቋት። እነሱም ቆሻሻ ይዘው ወረዱ። ሦስት ሌሊት ተከታትለው እዚያ ቆሻሻ መጣያው ጋ አሥር አሥር ደቂቃ አብረዋት አለቀሱ። አንዷ በፔርሙዝ ቡና ይዛ ትመጣ ነበር። ልጅቷ በኋላ ስትናገር «እናቴን ያለ ለቅሶ አልቀበርኳትም» አለች። እስቲ ንገሩኝ፣ ይህን የትኛው ሱቅ ነው በቅናሽ የሚሸጠው?

ወደ ቤሩትም እንመልከት። ሊባኖስ ውስጥ በፈረንጆቹ 2017 የኛው አገር የቤት ሠራተኞች «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። በ2020 የአገሩ ገንዘብ ሲወድቅና ኮሮና ሲመጣ፣ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ኦገስት 4 ቀን ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። በዚያ ጊዜ ለተጣሉት ምግብ ሲያደርሱ፣ ለቤት ኪራይ ሲረዱ የነበሩት እነዚያው የቤት ሠራተኞች ናቸው። የተረፋቸው ስለነበረ አይደለም። ማን ምን እንደጎደለበት ስለሚያውቁ ነው።

እኔ ለዘንድሮ የማስበው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ቤተሰብ ጋ ደውለን ቁርጡን እንንገራቸው። «ለገና ይህን ያህል እልካለሁ፣ ካርቶን የለም» እንበል። መጀመሪያ ያኮርፉ ይሆናል። እውነቱን የሰማ ቤተሰብ ግን ከጎረቤት ጋር መፎካከሩን ይተዋል።

ሁለተኛ፣ ገና የሚውለው ጃንዋሪ 7 ነው። እዚህ አገር የበዓል ቀን አይደለም። ነገር ግን በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት እረፍት ይሰጠናል። ስለዚህ ማዳምን ከአሁኑ «የዚያን ሳምንት እረፍቴን በገና ቀን አድርጊልኝ» ብሎ በሰላም መጠየቅ ይቻላል። በዋዜማው ከተጠየቀ ግን ነገሩ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። እያንዳንዳችን አንዲት እህት እንያዝ። አዲስ የመጣች፣ እረፍት የማትወጣ፣ ሆስፒታል የተኛች፣ ደመወዝ የዘገየባት ትሁን። ለካርቶኑ ካሰባችሁት ገንዘብ ጥቂቱን ለእሷ መድቡ። ካርድ ሙሉላት፣ እናቷን በበዓሉ ቀን ታናግር። ጾሙ ሲፈታ ከወጡ አንድ ሳህን ከነእንጀራው አድርሱላት፤ በር ላይ ተቀብላችሁ መመለስ ብቻ ቢሆን እንኳ። አል ዐይን ያላችሁም እዚያው የምታውቋትን ያዙ።

አራተኛ፣ ይህን ስናደርግ ጥንቃቄ አይለየን። ያለ ፈቃድ ከሕዝብ እርዳታ ማሰባሰብ እዚህ አገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ያስጠይቃል። ስለዚህ በቲክቶክም በዋትሳፕም «አዋጡ» ብሎ መለጠፍ የለም። የችግረኛዋን ፎቶም አንለጥፍ። የምታውቂያትን፣ በእጅሽ፣ በዝምታ እርጂ። ደመወዝ የተከለከለች ወይም የተደበደበች ካለች ደግሞ ሳህን ምግብ አይበቃትም። ለማኅበሩ ሰዎች ንገሯቸው፣ አቤት የምትልበትን ቦታ አብረው ያፈላልጉላታል።

በቃ፣ ነገሬ ይህ ነው። ከመበተናችን በፊት ግን አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ዛሬ እዚህ የሌለች፣ መምጣት ፈልጋ ያልቻለች ማን ናት? ስሟን አሁኑኑ አጠገባችሁ ለተቀመጠችው ንገሯት። ማን እንደምትደውልላት እዚሁ ተስማሙ፣ ሳንበታተን።

ጾመኞቹን በሰላም ያስፈታችሁ። ለሁላችንም፣ ላለነውም ለሌሉትም፣ በዓሉን በጤና ያድርሰን።