የእንጦጦ ግርጌ ልጆች እና «የየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ



ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ በእንጦጦ ግርጌ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ፈረንሳይ ለጋሲዮንን አልፎ፣ ወደ ቀበና ወርዶ፣ የካ ሚካኤል እስኪደርስ የሚያገኛቸው ሰፈሮች ከሌላ ቦታ በመጡ ሰዎች እጅ የተሠሩ ናቸው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተማውን ከተራራው አናት ወደ ፍል ውኃው ሲያወርዱት ምድሩ ባዶ አልነበረም። የካና ጉለሌ ዛሬም የሚጠሩት በስፍራው ይኖሩ በነበሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስም ነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈረው መኳንንት፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ ሸማኔውና የውጭ አገር መልእክተኛው ግን ሁሉም ከየአገሩ የመጣ ነው። በዚህ አቀበት ላይ ስለ መጤ ልጅ ሲወራ የሚወራው ስለ አብዛኛው ነዋሪ ነው።

የዚህ ዲስኩር ክርክር አጭር ነው። ሁለት ባህል ይዞ የሚያድግን ልጅ የሚጎዳው አንዱን ጥሎ ሌላውን እንዲይዝ መገደዱ ነው። ይህ ግዳጅ በመንደር ቀልድ፣ በትምህርት ቤት ልማድና በሕግ አንቀጽ ይመጣል። በሦስቱም መንገድ የመጣባቸው ልጆች በዚሁ ተራራ ሥር ይገኛሉ።

መጀመሪያ ግን ግዳጁ ያልከበዳቸው ይታዩ። በየካ የሚገኘው የብሪታንያ ኤምባሲ ግቢ ገና ለጋሲዮን ተብሎ በሚጠራበት ዘመን፣ በ1902 ዓ.ም.፣ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለ ሕፃን በግቢው ውስጥ ተወለደ። አባቱ የብሪታንያ መልእክተኛ ነበር። በልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረድ ሰሞን፣ ተፈሪ መኰንን ጨቅላ ልጃቸውን አስፋ ወሰንን በአደራ ያስቀመጡት በዚሁ ለጋሲዮን ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከተደረገው የሰገሌ ጦርነት በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ትንሹ ቴሲጀር ቆሞ አይቷል፤ ትዕይንቱም እስከ እርጅናው ከልቡ አልወጣም። ወደ እንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገባ ያየውን ለጓደኞቹ ቢያወራ ውሸታም አሉት። የእነርሱ ዓለም ከእርሱ ዓለም ጋር አልገጠመም። እርሱ ግን በ1923 ዓ.ም. ለተፈሪ የንግሥ በዓል በራሳቸው በንጉሠ ነገሥቱ ተጋብዞ ተመለሰ፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከአርበኞች ጎን ተሰልፎ በጎጃም በኩል ጣሊያንን ተዋጋ። የተወለደባትን አገር የመውደድ መብቱን ማንም አልነሣውም። የባለሥልጣን ልጅ ነበርና በሩ ሁሉ ተከፍቶለታል።

በሩ የተከፈተላቸው የባለሥልጣን ልጆች ብቻ አይደሉም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አገኙ። በኦቶማን መንግሥት ከተፈጸመው እልቂት የተረፉ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ፤ «አርባ ልጆች» የሚለው ስምም እስከ ዛሬ ቀርቶላቸዋል። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው ዜማ እስከ ዘውዱ ሥርዓት ማብቂያ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን በበኩሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በሌሎች ኦርኬስትራዎች ውስጥ አንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ትውልድ አሠልጥኗል። ቤታቸው አርመንኛ ይነገር ነበር፤ በአራዳ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አቆሙ። አርመንነታቸውን እንዲተዉ የጠየቃቸው ስላልነበረ ያላቸውን ሁሉ ለዚህች ከተማ ሰጡ።

ይህም ሆኖ ነገሩ ጎዶሎ ነበረው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ዜግነትን የሚሰጠው በወላጅ እንጂ በትውልድ ቦታ አልነበረም። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አማርኛ አፉን ፈትቶ፣ ባንዱን ሰምቶ ያደገ የአርመን ልጅ በወረቀት የውጭ ሰው ሆኖ ሊኖር ይችል ነበር። አብዮቱ መጥቶ ንብረት ሲወረስ አብዛኞቹ ተሰደዱ፤ ዛሬ የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው።

ከባሕር ማዶ ከመጡት ይልቅ በቁጥርም በትዝብትም ትልቁ ታሪክ ያለው ግን ሽሮ ሜዳ ነው። ሰፈሩ በአስተዳደር ወሰን የካ ሳይሆን ጉለሌ ውስጥ ቢሆንም ተራራው አንድ፣ ታሪኩም አንድ ነው። ከጨንቻ አካባቢ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እዚህ ግርጌ ሰፍረዋል። የመጡበት ቦታ ብርድና ጭጋግ የማይለየው፣ እንሰት የሚበላበት፣ ቤቱ ከቀርከሃ ተጠልፎ እንደ ዝሆን ግንባር ከፍ ብሎ የሚሠራበት አገር ነው። ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ መሬት ቆፍረው ሸማ መሥሪያቸውን ተከሉ። ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቀሰም ይጠቀልላል። ትንሽ ከፍ ሲል መወርወሪያ ይይዛል፤ ጥለት መጣል ግን ዓመታት የሚጠይቅ ጥበብ ነው።

የዚህ ልጅ ቀን ሁለት ቋንቋ አለው። ጉድጓዱ ዳር አባትና አጎት በጋሞኛ ይነጋገራሉ፤ በሩ ላይ ደንበኛ ሲቆም አማርኛ ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጋሞኛው ጭራሽ አይሰማም። በጋሞ ዞን ያለ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። የሽሮ ሜዳው ልጅ ግን ያንኑ ቋንቋ የሚያውቀው በጆሮው ብቻ ነው፤ ሲጻፍ አይቶት አያውቅም። ልጁ ቋንቋውን ትንሽ ነገር አድርጎ እንዲያየው ይህ ብቻ ይበቃል።

ከዚያ ቀልዱ አለ። አገሪቱ ለእጅ ባለሙያ ያላት ንቀት የቆየ ነው፤ ምኒልክ ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ቁጢት በጣሽ ማለት የተከለከለው ያኔ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ሆኖም በአዲስ አበባ የትምህርት ቤት ሜዳ «ዶርዜ» የሚለውን የሕዝብ ስም ለመሳለቂያ የሚጠቀሙ ልጆች አልጠፉም። ይህ ቃል የተወረወረበት ልጅ አባቱ ሥራ ቦታ ጓደኛ ማምጣት ያቆማል፤ በመንገድ ላይ በጋሞኛ ሲጠሩት በአማርኛ ይመልሳል። ይህን ልጅ አፍሯል ብሎ መውቀስ ግፍ ነው፤ ያሳፈረው ሌላ ነው።

በመስከረም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መስቀል ሲደርስ ሸማኔው ሥራውን አቁሞ፣ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ፣ ቤተሰቡን አሳፍሮ ወደ ጋሞ ደጋ ይወጣል። ልጁ እዚያ የአያቱን ቤት ያያል፣ የሽማግሌዎችን ምርቃት ይቀበላል፣ ብዙ ድምፅ እርስ በርሱ የሚጠላለፍበትን የዶርዜን ዘፈን ከምንጩ ይሰማል። ግን አፉን ሲከፍት አነጋገሩ ያሳብቀዋል፤ እዚያ እርሱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዶርዜ፣ ዶርዜ ላይ አዲስ አበቤ። ይህ ባህል አጥቶ የተንሳፈፈ ልጅ ነው ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። የሁለቱንም ወግ ያውቃል፣ በሁለቱም ቦታ ልቅሶ ይደርሳል፣ ሠርግ ይበላል። ጭነቱ እጥፍ ነው እንጂ ግማሽ አይደለም።

እዚህ ላይ ሌላ ዓይነት ልጅ አለና ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ከወላጆቹ ጋር ሳይሆን በዘመድ ወይም በደላላ እጅ ከደጋው መጥቶ፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ከንጋት እስከ ሌሊት የሚሸምን ሕፃን ነው። ለእርሱ ሁለት ባህል የሚባለው ቅንጦት ነው፤ የቀረበት ልጅነቱ ነው። በእንጦጦ ግርጌ ስለ ማንነት የሚደረግ ማንኛውም ንግግር ይህን ሕፃን ከዘለለ ዋጋ የለውም።

ከሽሮ ሜዳ ገበያ የሚገዛው ነጠላና ቀሚስ በሻንጣ ተጭኖ ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶና ስቶክሆልም ይደርሳል። እዚያ ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚለብሰው በሰው አገር የተወለደ የኢትዮጵያዊ ልጅ ነው። የጋሞው ልጅ ያፈረበት ጥለት ለእርሱ አገሩ ነው። ይህን መንገድ የሚያውቁ ስማቸው የገነነ ሰዎች አሉ። ደራሲው ዲናው መንግሥቱ አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ያደገው በኢሊኖይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በዋሽንግተን ሱቅ ከፍቶ ስለሚኖር ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ነው። ዓለም ዘ ዊኬንድ ብሎ የሚያውቀው አቤል ተስፋዬ እ.ኤ.አ. በ1990 ቶሮንቶ ተወለደ፤ እናቱና አያቱ በአማርኛ አሳደጉት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣቸው ዘፈኖቹ በአንዱ መጨረሻ ላይ አማርኛ ይሰማል። ያ ቋንቋ በመቶ ሚሊዮኖች ጆሮ የገባው አንዲት አያት ቤት ውስጥ ስላልተወችው ነው።

ለእነዚህ ልጆች የኢትዮጵያ ሕግ ያለው ምላሽ ጥብቅ ነው። የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነን ልጅ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። ነገር ግን ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነትን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት የተወለደባትንና የወላጆቹን አገር ፊት ለፊት አስቀምጦ አንዷን እንዲያስቀር ይጠየቃል። ቀደም ብሎ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ግን ሌላ መንገድ አሳይቷል። ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው መታወቂያ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፣ በመከላከያም አይቀጠርም። ቢሆንም አዋጁ እስከ ቅድመ አያት ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚገኝን ዝምድና ዋጋ ሰጥቶታል፤ በዚህም ከዜግነት ሕጉ ይልቅ የሰውን ልጅ ሕይወት ቀርቦ አይቶታል።

የአገር ቤቱን ልጅ የሚጠይቀው ሕግ ሳይሆን ልማድ ነው። ለብዙ ዓመታት የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ፤ የሚሞላበትም አንድ ስም ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 የሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ትምህርት ቤቶች ተማሪውን የብሔሩን ልብስ ለብሶ እንዲመጣ ይጠይቃሉ። አባቷ ጋሞ፣ እናቷ የሰላሌ ኦሮሞ የሆነች የየካ ተማሪ የትኛውን ትልበስ? እስከ ዛሬ ጥያቄው የተተወው ለእርሷና በዋዜማው ምሽት ቤት ውስጥ ለሚነሣው ክርክር ነው። መምህራን ሁለቱንም እንድትለብስ፣ የአባቷን ዘፈን በጋሞኛ፣ የእናቷን በኦሮምኛ እንድታሰማ ሊፈቅዱላት ይችላሉ። ከሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ክፍል ውስጥ ተጋብዞ ድርና ማጉን እየዘረጋ በራሱ ቋንቋ ስለ ሥራው መናገሩ፣ ልጁም ለጓደኞቹ ማስተርጎሙ፣ በሚቀጥለው ኅዳር በየካና በጉለሌ ትምህርት ቤቶች ሊጀመር የሚችል ነገር ነው።